«አንድ ትልቅ ኢንቨርተር ለሁሉም ይበቃል» ይለኛል

ጤና ይስጥልኝ።

መሐል ሜዳ ላይ አነስተኛ የኮፒና የጽሕፈት ሱቅ አለኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ኮፒ አነሳለሁ፣ ለትምህርት ቤቶች ፈተና አባዛለሁ። ሥራው አይከፋም፤ መብራቱ ነው እንጂ። ገበያ ቀን ሰው በር ላይ ተሰልፎ እያለ ድንገት ጥፍት ይላል። ከገጠር የመጣ ሰው ደግሞ ተመልሶ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ የሚመለስበት ረጅም መንገድ አለው።

ባለቤቴ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ይጭናል፣ አንዳንዴ እስከ አፋር ይወርዳል። እናቱ የሚኖሩት ከከተማው ራቅ ያለ ገጠር ነው። መብራት አልገባላቸውም።

ዘንድሮ እቁብ ደረሰኝ። ለሱቄ ኢንቨርተር፣ መብራት ሲሄድ ከባትሪ 220 ቮልት የሚያወጣውን ዕቃ፣ ልገዛ አስቤ ነበር። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «ባለ 3000 ዋት አንድ ትልቅ እንግዛና ለሁሉም እናድርገው» አለ። በሥራ ቀን ሱቅ፣ ረጅም መንገድ ሲወጣ መኪናው ላይ፣ ለበዓል ደግሞ እናቱ ቤት ማለቱ ነው። የሚሸጠው ጓደኛው ነው። «ይሄ ነገር ይሆናል ወይ?» ብዬ ስጠይቅ፣ እዚያው በጓደኛው ፊት «አንቺ ስለ ኤሌክትሪክ ምን ታውቂያለሽ!» አለኝ። ማታ ቤት ስንገባ ደግሞ «እናቴ በኩራዝ እያመሸች ላንቺ የሚታይሽ ሱቅሽ ብቻ ነው» አለ። ይሄኛው ነው የቆረጠኝ። አማቴ ልጆቼን ያሳደጉልኝ ሰው ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን አናነሳውም። ጓደኛው ግን «ቶሎ ካልወሰዳችሁ ይሸጣል» እያለ ይደውላል። ዝም ብዬ እሺ ልበል? ወይስ ለሱቄ ብቻ ገዝቼ የመጣው ይምጣ?

የኮፒ ቤቷ፣ ከመሐል ሜዳ

---

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ጓደኛው ሲደውል «ገና እየተመካከርን ነው» በይውና ስልኩን ዝጊ። ኢንቨርተር ከገበያ አያልቅም። የሚያጣድፍሽ ሻጭ የሚያስበው ስለ ራሱ ሽያጭ ነው።

ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ነገር ተደባልቋል። አንዱ የዕቃ ጉዳይ ነው፤ እሱ መልስ አለው። ሌላው በሰው ፊት መናቅሽና ማታ የተባልሽው ነገር ነው። ዕቃው ሲገዛ ይሄኛውም አብሮ ይረሳል ብዬ አልነግርሽም። በሁለተኛው ልጀምር።

ባለቤትሽ «ሱቅሽ ብቻ ነው የሚታይሽ» ያለው እውነት እንደዚያ አስቦ ይመስልሻል? እኔ ሩቅ ሆኜ ሳነበው ሌላ ነገር ይታየኛል። እሱ መንገድ ላይ የሚያድር ሰው ነው። ደብረ ሲና ወይም ሸዋ ሮቢት አምፖል ሥር ቁጭ ብሎ እራቱን ሲበላ እናቱ ኩራዝ ለኩሰው ተቀምጠዋል። ይህ ሳይከነክነው አይቀርም። የእቁቡ ወሬ ሲነሳ የታየው ይሄ ይሆናል፤ አፉ ላይ የመጣው ግን አንቺን የሚወጋ ቃል ሆነ። በጓደኛው ፊት የተናገረውን ግን በዚህ አላስተባብልለትም። እሱ ስህተት ነው፤ ስህተት መሆኑንም ከአንቺ አፍ መስማት አለበት። ሁለቱን ባንድ ምሽት ባታነሺያቸው ግን ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እቁቡን ስትገቢ «ይሄ ለሱቄ ነው» ብለሽው ነበር? ወይስ በሆድሽ ይዘሽው ነው የቆየሽው? ካልተባባላችሁ እሱ የቤት ገንዘብ ነው ብሎ፣ አንቺ የሱቅ ገንዘብ ነው ብለሽ እየተከራከራችሁ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ጠቡ የመጣው ከዋቱ አይደለም።

አሁን ወደ ዕቃው ልምጣ። «ይሄ ነገር ይሆናል ወይ?» ብለሽ መጠየቅሽ ትክክል ነበር። አይሆንም።

ምክንያቱን ከአንቺ በላይ የሚያውቀው ራሱ ባለቤትሽ ነው። የአይሱዙ ጭነት መኪኖች ብዙውን ጊዜ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ተቀጣጥሎላቸው በ24 ቮልት ነው የሚሠሩት። ለሱቅ የሚገዛ ትንሽ ኢንቨርተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 12 ነው። ባለ 12ቱን ኢንቨርተር 24 ላይ ብትሰኪው ይቃጠላል፣ ወይም መከላከያ ካለው አልነሳም ይላል። ባለ 24ቱን ሱቅ ውስጥ አንድ ባትሪ ላይ ብታስሪውም አይሠራም። ስለዚህ «አንዱ ለሁሉም» የሚለው ሐሳብ ገና ባትሪው ላይ ይቆማል። «ከመኪናው ሁለት ባትሪ ከአንዱ ብቻ እንስባለን» የሚል መካኒክ አይጠፋም። እሺ እንዳይለው። አንዱ እየደከመ ሌላው ከሚገባው በላይ እየሞላ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ። ባትሪ ሲሞት ደግሞ ጣርማበር ላይ በሌሊት ብርድ መኪናውን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ዝም ይላል።

ሌላው «3000 ዋት» የሚለው ቁጥር ነው። ብዙ ሰው ኢንቨርተሩ ትልቅ ሲሆን መብራት የሚበዛ ይመስለዋል። ኢንቨርተር ወፍጮ ነው። ወፍጮ እህል አያመርትም፤ ጎተራ ውስጥ ያለውን ይፈጫል። ጎተራው ባትሪው ነው። ጎተራው ትንሽ ከሆነ ትልቅ ወፍጮ መግዛት ቶሎ መጨረስ ብቻ ነው ትርፉ። 3000 ዋት ከ12 ቮልት ሲሳብ ከ250 አምፔር በላይ ይፈልጋል። ያንን የሚችል ሽቦ እንደ አውራ ጣት ይወፍራል፤ ባለ 100 አምፔር ሰዓት አንድ ባትሪም በዚያ ጭነት ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ነው የሚወድቅ።

እንግዲህ ስለ ሱቅሽ። የሚሠሩትን ዕቃዎች አንድ በአንድ ከጀርባቸው አንብቢ። ዋቱ ተጽፎባቸዋል። ላፕቶፕሽ 60 ዋት ገደማ ይወስዳል። ሁለት የኤልኢዲ አምፖል 20፣ የሦስት ሰው ስልክ 30 ይሆናል። በቀለም የሚሠራ ፕሪንተር እያተመ 30 ቢወስድ ነው። ድምሩ 140 ዋት። ይህን ያህል ሥራ 300 ዋት በእውነት የሚሰጥ ኢንቨርተርም ይሸከመዋል፤ እኔ ግን መጠባበቂያ እንዲኖርሽ 500 ወይም 600 ዋት እላለሁ።

አሁን ኮፒ ማሽኑ ጋ ደረስን። ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በቶነር፣ ማለትም በዱቄት ቀለም የሚሠራ ኮፒ ማሽንና ሌዘር ፕሪንተር ቶነሩን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቁት በሙቀት ነው። ውስጣቸው ያለው ማሞቂያ ሲነሳ እንደ ማሽኑ መጠን 1000 ዋትና ከዚያ በላይ በአንዴ ይጎትታል። ላሚኔሽን ማሽንም ያው ማሞቂያ ነው። ባለቤትሽን 3000 ዋት ያሰኘው ይሄ ማሽን ከሆነ ሒሳቡ አልተሳሳተም፤ ግን ያንን በባትሪ ማሠራት ለአንድ ገበያ ቀን ወረፋ ሲባል የሱቁን ትርፍ ባትሪ ላይ ማፍሰስ ነው። እኔ ብሆን ኢንቨርተሩን ከማሳድግ ማሽኑን እቀይራለሁ። በጠርሙስ ቀለም የሚሞላ፣ ኮፒም ስካንም የሚያደርግ ፕሪንተር አለ። መብራት ሲሄድ እሱ ይሠራል። ይዘገያል፣ እውነት ነው። ሠላሳ ገጽ ፈተና ለማባዛት አይመችም። ማመልከቻውንና የመታወቂያ ኮፒውን ግን ይዞልሽ ይወጣል፤ የገጠሩ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። ፈተናውን መብራት ሲመጣ በትልቁ ታባዢዋለሽ።

ባትሪውን በተመለከተ ትንሽ ቁጥር ልጨምርልሽ። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ፣ 12 በ100 ሲባዛ፣ 1200 ዋት ሰዓት ነው፤ 1200 ዋት ለአንድ ሰዓት የሚያሠራ ማለት ነው። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ከሆነ ግን ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ተጠቀሚ፤ 600 ማለት ነው። ኢንቨርተሩ ራሱ ከመቶው 15 ያህሉን ያባክናል። ስለዚህ የ140 ዋት ሥራሽን ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ያስኬድልሻል። የመንዝ ብርድ ደግሞ ይቀንስበታል። የእርሳስ ባትሪ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲሆን የሚሰጠው ከመቶ 80 ያህሉን ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲመታ ጠዋት ላይ ቶሎ ቢደክምብሽ ተበላሸ ብለሽ አትደንግጪ።

የመኪና ባትሪ አትግዢ። እሱ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው፤ ለአፍታ ብዙ ሰጥቶ ወዲያው እንዲሞላ። ቀስ እያለ ሲደክም የሚውል «ዲፕ ሳይክል» የሚሉት አለ፤ ጄል ወይም ድራይ ባትሪ እያሉም ይሸጡታል። ሊቲየሙ ይወደዳል፤ ረጅም ዕድሜ አለው፣ ከ80 በመቶ በላይም ይወጣለታል። ብቻ ዜሮ ዲግሪና ከዚያ በታች ሲሆን አይሞላም፣ ይጎዳል። ውርጭ የሚያድርበት በረንዳ ላይ አታስቀምጪው።

ሲገዛ «ፒዩር ሳይን ዌቭ» የሚለውን ያዢ፤ እንደ መብራት ኃይል መስመር ለስላሳ ሞገድ የሚሰጥ ማለት ነው። ርካሹ «ሞዲፋይድ» የሚባለው ነው። አምፖልና የስልክ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ይችሉታል፤ ሞተር ያለው ነገር ይጮህበታል፣ ይሞቃል፣ አንዳንድ ፕሪንተርም ይታወካል። እንጀራሽ የተንጠለጠለው ማሽን ላይ ነው፤ እዚህ ላይ አትቆጥቢ። ቻርጀር አብሮት ያለ ኢንቨርተር ብታገኚ ደግሞ ይሻላል። መብራት ሲኖር ባትሪውን ይሞላል፣ ሲሄድ ራሱ ይቀይራል። የጻፍሽው ማመልከቻ ከመሃል አይጠፋብሽም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። የመጀመሪያው፣ «ከኢንቨርተሩ የሚወጣውን መስመር ግድግዳ ሶኬት ላይ ብንሰካው ቤቱ በሙሉ ይበራል» የሚል ሰው ቢመጣ ከበር መልሺው። መብራት ሲመለስ ኢንቨርተሩ ይቃጠላል። ሳይመለስ ደግሞ ኃይሉ ወደ ውጪው መስመር ወጥቶ ምሰሶ ላይ የሚሠራውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። ሁለተኛው፣ የአሲድ ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ይለቃል። ብርድ ነውና ሱቅ ውስጥ የከሰል ምድጃ ይኖራል፣ ቡናም ይፈላል። ባትሪውን ከእሳት ርቆ አየር የሚያገኝ ቦታ አድርጊለት።

አማትሽ ቤት እንሂድ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚያ ጭራሽ ኢንቨርተር አያስፈልግም። የሚፈልጉት ማታ አምፖል፣ ስልክ ቻርጅና ሬዲዮ ነው። እነዚህ ሁሉ ያለ 220 ቮልት በቀጥታ ከትንሽ የሶላር ዕቃ ይሠራሉ። ትልቅ ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት በርቶ ቢቆም ብቻ 10 ዋትና ከዚያ በላይ ይበላል፤ በቀን 240 ዋት ሰዓት ማለት ነው። የአማትሽ ቤት ደግሞ በቀን 110 ገደማ ነው የሚፈልገው። ሦስት ባለ 5 ዋት አምፖል አምስት ሰዓት ቢበራ 75፣ ሬዲዮና ስልክ ተጨምሮ ነው ይህ። ከሚያበራው የሚያባክነው ይበልጣል ማለት ነው። ባለ 50 ዋት ፓኔል፣ ልኩን የጠበቀ ባትሪና መቆጣጠሪያ ያለው ኪት በፀሐዩ ወራት ይበቃቸዋል። ፓኔሉ ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል ይበል፤ ዝናቡም አቧራውን ያጥብለታል። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ሲወርድ ይቀንሳል። ያኔ አንድ አምፖል ብቻ ያብሩ፣ ወይም ገና ሲገዛ ዋቱ ከፍ ያለ ፓኔል ውሰዱ።

ደግሞም ለበዓል ብቻ የሚመጣ መብራት ለሳቸው ምን ያደርጋል? የሚያስፈልጋቸው በአዘቦቱ ምሽት ነው።

መኪናው የቀለለ ነው። ባለቤትሽ መኪና ውስጥ ምን ሊያሠራ እንደፈለገ ጠይቂው። ስልክ ከሆነ በ24 ቮልት የሚሠራ ቻርጀር ይበቃዋል። አፋር ሲወርድ ሙቀቱ ከሆነ ባለ 24 ቮልት ማራገቢያ አለ፣ በቀጥታ ይታሰራል። ላፕቶፕ ወይም ትንሽ ቴሌቪዥን ከፈለገ ለብቻው ባለ 24 ቮልት 300 ዋት ኢንቨርተር፣ በፊውዝ ከባትሪው። ከሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ከ150 ዋት በላይ መሳብ አይሞከርም፤ ሽቦው ቀጭን ነው። የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ካሰበ ይርሳው። ሻዩን ደብረ ሲና ይጠጣ።

አሁን እንዴት ትነግሪዋለሽ? እኔ ብሆን ከመንገድ በመጣ ማግስት፣ ቡና ላይ፣ ጓደኛው በሌለበት፣ በእናቱ ነው የምጀምረው። «እናትህ ቤት መብራት እንዲገባ እኔም እፈልጋለሁ። ከእቁቡ መጀመሪያ የምናወጣው ለሳቸው ይሁን» በይው። ወጪውም ከሱቁ ያነሰ ነው። ለማስታረቂያ የምትከፍይው አይደለም፤ አማትሽን ራስሽም ትወጃቸዋለሽ። ከዚያ «መኪናህ ስንት ቮልት ነው?» ብለሽ ጠይቂው። 24 ነው ይልሻል። «ሱቅ የምናስቀምጠውስ ባትሪ?» በይና ዝም በይ። ሾፌር ነው፤ ቀሪውን ራሱ ይደርስበታል። አንቺ እንዳሸነፍሽው ሳይሆን እሱ እንዳገኘው ይሁን። ይህን የምለው ኩራቱን ልትንከባከቢለት ይገባል ብዬ አይደለም፤ እንዲህ ካልሆነ ነገሩ ከጓደኛው ጋር ወደ ክርክር ስለሚመለስ ነው።

በሌላ ቀን ደግሞ ያን ንግግር አንሺው። ብዙ አታብዢ። «በጓደኛህ ፊት እንደዚያ ስትለኝ አፈርኩ። ሁለተኛ አትበለኝ» ማለት ይበቃል። ምን እንደሚመልስ ልብ በይ። ቀልድ አድርጎ ካለፈው፣ እንደዚህ ማለት ልማዱ መሆን አለመሆኑን ራስሽን ጠይቂ። ልማዱ ከሆነ ሌላ ደብዳቤ ጻፊልኝ፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

ከጓደኛው መግዛት ካልቀረ ደግሞ ይሁን፣ ክፋት የለውም። ግን ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር አትመኑ። ትልቅ ተደርጎ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ለሰከንዶች ብቻ የሚሰጠው ነው፤ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ግማሹ ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። የኋላውን ገልብጡና ፊውዞቹን ቁጠሩ። ሁለት ባለ 30 አምፔር ፊውዝ ያለው ባለ 12 ቮልት ኢንቨርተር 60 በ12፣ 720 ዋት ነው፤ ላዩ ላይ 3000 ቢጻፍበትም። እዚያው ሱቁ ውስጥ ባትሪ ላይ ታስሮ ላፕቶፕሽና ፕሪንተርሽ ለግማሽ ሰዓት ይሠሩ፤ ማራገቢያው ሲዞር፣ ሰውነቱ ሲሞቅ እይው። መሐል ሜዳ ከፍታው 3000 ሜትር ገደማ ነው። ብርድ ቢሆንም አየሩ ስስ ስለሆነ እንዲህ ያለ ዕቃ እንደ ቆላው አይቀዘቅዝም። ጥግ ተደፍኖ እንዳይቀመጥ፣ እስከ ልኩም ባትጭኚው። ጋራንቲውን በወረቀት ተቀበሉ። ለ600 ዋቱ ከባትሪው የሚወጣው ባለ 16 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ ይሁን፣ ከአንድ ሜትር አይርዘም፤ ፊውዙ ከባትሪው ስንዝር ሳይርቅ ይግባ።

ገንዘቡን ከመክፈልሽ በፊት የኮፒ ማሽንሽን ጀርባ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። በቶነር የሚሠራ መስሎኝ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። በቀለም የሚሠራ ከሆነ አዲስ ፕሪንተር መግዛቱ ይቀርልሻል፣ የባትሪውንም ሒሳብ አብረን እንደገና እናየዋለን።